የጋምቤላ ወደብ፦ ዕድሜው በውሉ ላይ የተጻፈ የንግድ ከተማ

 



ቁርኣን በተለያዩ ሱራዎች በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች መጨረሻ ምን እንደነበር እንድንመለከት ያሳስበናል። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ሐሳባችን ወደ ዓድና ወደ ሰሙድ ይሄዳል። ለማስተዋል ለፈለገ ሰው ግን ሩቅ መጓዝ ግድ አይደለም። እዚሁ ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ የአሮጌው ወደብ ቅሪት አለ። በአንድ ወቅት የቡና ጆንያ እንደ ኮረብታ የሚከመርበት፣ የመርከብ ጢስ ከሩቅ የሚታይበት ቦታ ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም የሚመጣ እንግዳ ጎራ ብሎ ፎቶግራፍ የሚያነሣበት ሥፍራ ሆኗል።

ከተማው በአልሐምዱሊላህ አልሞተም። ዛሬ የክልል ርእሰ ከተማ ነው፤ ሰዉም ገበያውም ይበዛል። የሞተው ወደቡ ነው። ታዲያ ልጆቻችን «ይህ ቦታ ምን ነበር? ማን ሠራው? ለምንስ ዝም አለ?» ብለው ቢጠይቁን ምን እንመልሳለን? በዛሬው ዝግጅታችን ይህን ታሪክ ከሥሩ ለማየት እንሞክራለን፤ ኢንሻአላህ።

አንድ የቆየ ምሳሌ

ወደ ባሮ ከመውረዳችን በፊት ከየመን አንድ ምሳሌ እናንሳ። ከሰንዓ ሰሜን ምሥራቅ አር-ረድራድ የሚባል የብር ማዕድን ነበር። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ሂጅራ የኖረው የመናዊው ሊቅ አል-ሐምዳኒ ስለ ወርቅና ብር ባዘጋጀው ኪታብ ውስጥ ይህን ቦታ ያነሣዋል። እርሱ እንደተረከው በመንደሩ 400 የማቅለጫ ምድጃዎች ነበሩ። ከእሳቱ ብዛት የተነሣ በመንደሩ ላይ የሚያልፍ ወፍ ሞቶ ይወድቅ ነበር። የሥራው ባለሙያዎች ከፋርስ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን በ270 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ883) ግድም በአገሩ ሁከት ተነሣ፤ የማዕድኑ ሰዎች ተገደሉ፣ የቀሩትም ተበተኑ፤ መንደሩ ባዶ ቀረ። ከሺህ ዓመት በኋላ የታሪክ ተመራማሪዎች ቦታውን ያገኙት ከተራራው ጉድጓድና ከማቅለጫው ዝቃጭ ተነሥተው ነው።

ይህን ምሳሌ ያነሣነው በምክንያት ነው። አንድ ከተማ ሀብት ስላለው ብቻ አይኖርም። ሰላም፣ መንገድና ውል ያስፈልገዋል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ምድጃው ይጠፋል። የጋምቤላ ወደብ ታሪክም ይህንኑ ያሳየናል።

ጋምቤላ የብር ማዕድን ኖሯት አያውቅም። ሆኖም ለግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል በብር የሚገዛባትና በብር የሚሸጥባት በር ነበረች። ያ ብር ማርትሬዛ ወይም ጠገራ የምንለው ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ምስል ያለበት፣ በየጊዜው ሲታተም የኖረ ግን ሁልጊዜ የ1780ን ዓመት የያዘ ሳንቲም ነው። የምዕራብ ኢትዮጵያ ገበሬ ቡናውን የሚሰጠው ምስሉን አገላብጦ አይቶ፣ በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ሰምቶ ለሚያምነው ለዚህ ብር ነበር። በቋንቋችን «ብር» የሚለው ቃል ማዕድኑንም ገንዘቡንም የሚያመለክተው እንዲያው አይደለም።

ውሉ እንዴት ተጻፈ?

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1902) ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በአዲስ አበባ አንድ ውል ተፈራረሙ። በእንግሊዝ በኩል የፈረመው ጆን ሌን ሃሪንግተን ነበር። ውሉ በዋናነት የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ነው፤ አራተኛው አንቀጹ ግን ስለ ባሮ ወንዝ ይናገራል። በኢታንግ አካባቢ በወንዙ ዳር ከ2000 ሜትር ያልበለጠ ፊት ያለው፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥና የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ይፈቅዳል።

ሁለት ነገሮችን በዚህ ውል ውስጥ ልብ እንበል። አንደኛ፣ መሬቱ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል ተከልክሏል። ሁለተኛ፣ ኪራዩ የሚቆየው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው። ፊቅህ የቀራን ሰዎች ኢጃራ፣ ማለትም የኪራይ ውል፣ ጊዜው ሊታወቅ እንደሚገባ እንማራለን። የጋምቤላ ወደብም ገና ሳይወለድ የሚሞትበት ሰበብ በወረቀት ላይ ሰፍሮለት ነበር።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ውሉ የተጻፈው በንጉሠ ነገሥቱና በእንግሊዝ መልእክተኛ መካከል ነው። ባሮን «ኦፔኖ» እያለ የሚጠራው፣ በዳርቻው የሚያርሰውና ዓሣ የሚያጠምደው የአኙዋ ሕዝብ በውሉ ውስጥ ተዋዋይ አልነበረም። መሬቱ በስሙ አልተከራየም፤ ኪራዩም ለእርሱ አልተከፈለም። ወደቡ «ማን ሠራው?» ሲባል የመሬቱን ጥንታዊ ባለቤት መርሳት አይገባም።

ወንዙና መርከቡ

ለምን ጋምቤላ ተመረጠ? መልሱ በውኃው ላይ ነው። ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የሚወርዱት ወንዞቻችን አብዛኞቹ በገደልና በፏፏቴ ስለሚያልፉ መርከብ አይሄድባቸውም። ባሮ ግን ከተራራው ወርዶ ጋምቤላ ሲደርስ ይረጋጋል። የከተማው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ወንዙ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል፤ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም በማላካል አቅራቢያ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ እስከ ካርቱም ድረስ የመርከብ መንገድ ነው። ከጋምቤላ እስከ ካርቱም 1366 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ውሉ ኢታንግ አካባቢ ቢልም ጣቢያው የተቆረቆረው ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ጋምቤላ ላይ ነው። ንግዱ በ1896 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1904) አካባቢ ተጀመረ፤ ቀጥሎም የኢትዮጵያ ጉምሩክ ተቋቋመ። መርከቦቹ የሱዳን መንግሥት ነበሩ፤ በእንፋሎት የሚሄዱ ሲሆኑ በጎንና በፊታቸው የጭነት ጀልባዎችን አሥረው ይጓዙ ነበር። በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፣ ማለትም ከጣልያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በክረምት ወራት በወር ሁለት ጊዜ ያህል ይመላለሱ ነበር። ወደ ካርቱም ለመውረድ 7 ቀን፣ ወደ ጋምቤላ ለመውጣት ደግሞ 11 ቀን ይፈጅባቸው ነበር።

ይሁን እንጂ ባሮ ዓመቱን ሙሉ አይሞላም። መርከብ የሚያስኬደው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው። ውኃው ሲጎድል አሸዋው ይወጣል፤ መርከብም አይደፍረውም። ስለዚህ ወደቡ ዓመቱን ለሁለት ከፍሎ ይኖር ነበር፤ ክረምት ሲሆን ይነቃል፣ በጋ ሲሆን ያንቀላፋል። ከዚህ ላይ የሚያስገርመው ችግሩ ነው። መርከቡ የሚመጣው ዝናቡ ሲበረታ ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ከደጋ የሚወርደው መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ ጅረቱም ይሞላል። ነጋዴው ቡናውን በበጋ አውርዶ መጋዘን አስገብቶ መርከቡን መጠበቅ ነበረበት። ገንዘቡን አስቀድሞ አውጥቶ ለወራት የሚታገሥ፣ ወይም አምኖ የሚያበድረው ያለው ሰው ብቻ በዚህ ንግድ ይቆማል።

ቡናው፣ ብሩና ሰዉ

ወደ ጋምቤላ የሚወርደው ዋናው ሸቀጥ ቡና ነበር። ከኢሉባቦርና ከምዕራብ ወለጋ፣ በጎሬና በቡሬ፣ እንዲሁም ሳዮ በምትባለው በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ በኩል ይመጣል። ጎሬ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከዚያ ወደ ባሮ ሜዳ ሲወረድ ሰው ከብርድ ወጥቶ ወደ ምድጃ የገባ ያህል ይሰማዋል። ጭነቱ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ይወርድ ነበር። ከቡናው ጋር ሰም፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይወጣል። በምትኩ ጨው፣ አቡጀዲ፣ ጆንያ፣ ልዩ ልዩ ዕቃና፣ አላህ ይጠብቀንና፣ መጠጥም ይገባ ነበር።

ጨዉን ለብቻው እንመልከተው። በደጋው አገር ለዘመናት የተለመደው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በአህያ የሚጓዘው አሞሌ ነበር። አሞሌ ለምግብም ለገንዘብም ያገለግላል። ወደ ምዕራብ በራቀ ቁጥር ግን እየተወደደ ይሄዳል። በመርከብ ከሱዳን የሚመጣው ጨው በጋምቤላ ሲራገፍ የምዕራቡ ሰው ጨው የሚያገኝበት ሌላ በር ተከፈተ። አንድ እናት በኢሉባቦር ወጥ ስትሠራ የምትነሰንሳት ጨው የባሮን ወንዝ ወጥታ የመጣች ልትሆን ትችላለች ማለት ነው።

በወደቡ የተሰበሰበው ሰው ብዙ ዓይነት ነበር። ግሪኮች፣ ሶርያውያን፣ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች በአንድ ገበያ ይገናኙ ነበር። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በጎሬ ቅርንጫፍ፣ በጋምቤላ ደግሞ ወኪል ነበረው። ከካርቱም የሚመጡት ጀላባዎች፣ ማለትም ሱዳናውያን ነጋዴዎች፣ እንዲሁም ብዙዎቹ የመርከብ ሠራተኞች ሙስሊሞች ነበሩ። ዐረብኛም ከመግባቢያ ቋንቋዎቹ አንዱ ሆነ። በባሮ ዳር አዛንና ረመዷን ከነጋዴው ጋር አብሮ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። እስልምና በብዙ የአፍሪካ ወደቦች የገባው በሰይፍ ሳይሆን ሚዛኑን በማያጎድል ነጋዴ መሆኑን ታሪክ ያስተምረናል፤ ጋምቤላንም ከእነዚህ ቦታዎች አንዷ አድርገን ልናያት እንችላለን።

ነገር ግን ንግዱ ብዙ ሳይቆይ ተቀናቃኝ መጣበት። በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1917) የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ገባ። ባቡር በጋና ክረምት አይልም። እ.ኤ.አ. ከ1929 ወዲህ ደግሞ የዓለም ኢኮኖሚ ወድቆ የቡና ዋጋ አብሮት ወረደ። በኒው ዮርክና በለንደን የሆነው ነገር ጎሬ ያለውን ገበሬ ነካው፤ ጋምቤላ መጋዘን ያለውንም ጆንያ አረከሰው። ከአንድ ሸቀጥ ጋር የታሠረ ከተማ ዕጣው ይኸው ነው።

ሚዛኑ ሁለት ጎን አለው

ውድ አድማጮቻችን፣ ታሪክ ስንናገር ጥሩውን ብቻ መርጠን ብንናገር ሚዛን እናጎድላለን። አላህ (ሱ.ወ.) በራሳችንና በዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን ለእውነት እንድንመሰክር አዞናል። ስለዚህ የጋምቤላን ንግድ ሌላኛውን ጎንም እንመልከት።

የዝሆኑ ጥርስ ከየት መጣ? በአኙዋ አገር የጥርሱ ዋጋ ብዙ ጊዜ ጠመንጃ ነበር። ነጋዴዎች ከደጋ ጠመንጃ እያወረዱ በጥርስ ይለውጡ ነበር። ጥርሱ በመርከብ ሄደ፤ ዝሆኑ አለቀ፤ ጠመንጃው ግን በአገሩ ቀረ። እ.ኤ.አ. በማርች 1912 የሱዳን መንግሥት በአኙዋው መሪ በአክዌይ ዋ ቻም ላይ ጦር አዘመተ። ውጊያው ብርቱ ነበር፤ ሁለት እንግሊዛውያን መኮንኖችና ብዙ ሱዳናውያን ወታደሮች ሞቱበት። ከአኙዋም ብዙ ሰው አለቀ። በአንድ አካባቢ የተራገፈ መሣሪያ ነጋዴው ትርፉን ቆጥሮ ከሄደ በኋላ ለትውልድ ደም ሲያፈስስ እንደሚኖር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ የሰው ንግድ ነው። በምዕራቡ ጠረፍ ከአኙዋ፣ ከመዠንገር፣ ከኮሞና ከሌሎችም ሕዝቦች ሰዎች እየተያዙ ይሸጡና ይለወጡ ነበር። በዚህ ሥራ እጃቸውን ያስገቡ የደጋም የሱዳንም ሰዎች ነበሩ፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበረባቸው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1924) ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ዐዋጅ አወጣች፤ ሙሉ በሙሉ የሻረችው በ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1942) ነው። ባሪያን ነፃ ማውጣት በዲናችን ታላቅ ዒባዳ ነው፤ ነፃ ሰውን ይዞ መሸጥ ደግሞ ከትላልቅ ወንጀሎች አንዱ ነው። ይህን በግልጽ መናገር ለአያቶቻችን ክብር መንሳት አይደለም። የጎረቤቶቻችን ቁስል የት እንዳለ ካላወቅን ሳናውቅ እንረግጠዋለን።

ጦርነት ወደ ወደቡ መጣ

በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባን ሲይዝ በጎሬ የኢትዮጵያ መንግሥት ቅሪት ለጥቂት ወራት ቆየ። ልዑል ራስ እምሩም ወደ ምዕራብ መጥተው ነበር። በዚያን ጊዜ ለጎሬ ወደ ውጭው ዓለም የቀረላት በር ጋምቤላ ነበረች። በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1936) ግን ጎሬ ወደቀች፤ ጋምቤላም በጣልያን እጅ ገባች።

በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1941) የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮችና ከቤልጂግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ከሱዳን ተነሥተው ጋምቤላን ከጣልያን አስለቀቁ። የኮንጎ ወታደሮች ከጋምቤላ ተነሥተው ወደ ሳዮ ተራራ ወጡ። በቆላው በሽታና በስንቅ እጥረት ብዙ ከተሠቃዩ በኋላ ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሰጠ። አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጠው የመጡት እነዚያ ኮንጎአዊ ልጆች ዛሬ በብዙ መጽሐፍ ስማቸው አይገኝም። ለጦር ሥራ እንዳይውል በውል የተከለከለው መሬት የስንቅና የጦር መንገድ ሆኖ አገለገለ። ወረቀት ላይ የተጻፈ ቃል ጉልበተኞች ሲጣሉ ምን ያህል እንደሚጸና ከዚህ እንማራለን።

ከጦርነቱ በኋላ በ1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1945) አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ፤ ማርትሬዛውም ቀስ በቀስ ከገበያ ወጥቶ የእናቶቻችን ጌጥ ማቅለጫ ሆነ። የብሩ ዘመን እያለፈ ነበር።

ውሉ ሲያበቃ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ሱዳን ነፃ ወጣች። ከ50 ዓመት በፊት የተጻፈው ቃል ጊዜው ደረሰ። ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ሥር መሆኗ ሲያበቃ የጋምቤላም ኪራይ አበቃ፤ በዚያው ዓመት መሬቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የአገር መሬት ወደ አገር መመለሱ የሚያስደስት ነገር ነው። ንግዱ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ምክንያቱ ብዙ ነው። መርከቦቹ የሱዳን ነበሩ። በደቡብ ሱዳን ከነፃነቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1955፣ አመጽ ተነሥቶ ለረጅም ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት በር ከፈተ። የሶባት ወንዝ መንገድ የሚያልፈው በዚያው አገር ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የመኪና መንገድ እየተሠራ ሲሄድ የምዕራቡ ቡና ፊቱን ወደ አዲስ አበባና ወደ አሰብ አዞረ። ወደቡ አንዳንዴ እየሠራ አንዳንዴ እየቆመ ቆይቶ በደርግ ዘመን ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሁለተኛው የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ወንዙ ሸቀጥ ማጓጓዙ ቀረና የስደተኛ መንገድ ሆነ።

በውሉ ላይ ስሟ የተጻፈው ኢታንግ በ1970ዎቹ ዓመታት ከታላላቅ የስደተኛ ሠፈሮች አንዱ የቆመባት ቦታ ሆነች። በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን እንደገና ጦርነት ሲነሣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ እናቶችና ሕፃናት፣ በዚሁ አቅጣጫ ወደ ጋምቤላ ተሻገሩ። የቡና ጆንያ ይራገፍበት በነበረው አገር የእርዳታ እህል ጆንያ ተራገፈ። መርከቡ ቢቀርም እንግዳ መቀበሉ አልቀረም።

የዳሎል ምሥክርነት

ተመሳሳይ ነገር በአገራችን ሌላኛው ጫፍ አለ። ቅድም አሞሌው ከአፋር በረሃ ይመጣል ብለን ነበር። እዚያው በረሃ ውስጥ ዳሎል የሚባል ቦታ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣልያኖች ፖታሽ የሚባለውን ማዕድን ለማውጣት ከቀይ ባሕር ዳር ከመርሳ ፋጥማ ተነሥተው የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። በኋላም በ1950ዎቹ ዓመታት አንድ የአሜሪካ ኩባንያ መጥቶ ቆፈረ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በቦታው የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሰው በኖረበት ሥፍራ ከተለኩት ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ ኩባንያው ሄደ። ከጨው ጡብ የተሠሩ ቤቶች ፍርስራሽና የዛገ ብረት ቀረ። ዛሬ የዓለም ጎብኚ ያንን ፍርስራሽና በአጠገቡ ያለውን ባለ ቀለም የፍል ውኃ ሜዳ ለማየት ይጓዛል።

ይሁን እንጂ ጎብኚው ዘወር ቢል ሌላ ነገር ያያል። ሙስሊሙ የአፋር ወንድማችን በመጥረቢያና በእንጨት ጨዉን ይቆርጣል፤ ግመሉንም ይጭናል። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ይህን ሥራ ይሠራ ነበር፤ ባቡሩ ከሄደም በኋላ ይሠራል። በባሮም እንደዚሁ ነው። እንግሊዙ ሄደ፣ ግሪኩ ሄደ፣ መርከቡ ሄደ፤ አኙዋው አሁንም በታንኳው ዓሣ ያጠምዳል፤ ኑዌሩም ከብቱን ወንዝ ያሻግራል። በምድሪቱ የቆየው ምድሪቱን አውቆና አክብሮ የኖረባት ነው።

ለእንግዳው ምን እንነግረዋለን?

የጋምቤላ ክልል የሚጎበኝ ነገር አላጣም። ብሔራዊ ፓርኩ፣ በመንጋ የሚጓዙት ነጭ ጆሮ ያላቸው የዱር እንስሳት፣ የባሮ ምሽት ሁሉ እንግዳ ይጠራሉ። አሮጌው ወደብም አንዱ ነው። እንግዳን ማክበር ከኢማን መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል፤ ለእንግዳ ከሚሰጠው መስተንግዶ አንዱ ደግሞ እውነተኛ ወሬ ነው። «እዚህ እንግሊዞች ወደብ ነበራቸው» ብሎ ማለፍ ግማሽ ወሬ ነው። መሬቱ የማን እንደነበር፣ ቡናውን ማን እንደተሸከመ፣ ጥርሱና ጠመንጃው ያመጣውን ጥፋት፣ በግድ የተወሰዱትን ሰዎች፣ እንዲሁም በአንድ ገበያ ተማምነው የኖሩትን የልዩ ልዩ ሃይማኖት ሰዎች ጨምሮ መንገር ይገባል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሦስት አደራ እንተዋለን።

አንደኛ፣ ሽማግሌዎችን እንጠይቅ። የመርከቡን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች እያለፉ ናቸው። አባቱ ወይም አያቱ በወደቡ የሠራ፣ የነገደ ወይም የተሸከመ ሰው በቤታችን ወይም በጎረቤታችን ካለ ልጆቻችን ደብተር ይዘው አጠገቡ ይቀመጡ። ዑለማዎቻችን ሐዲሥን ያቆዩልን «ከማን ሰማህ?» ብለው እየጠየቁና እየጻፉ ነው። ለታሪካችንም ይኸው ሥርዓት ይጠቅመናል።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱን አንጣል። በዐረብኛ የተጻፈ የዱቤ መዝገብ፣ የጉምሩክ ደረሰኝ፣ አሮጌ ፎቶግራፍ በሣጥን ውስጥ ካለ ምስጥ ሳይበላው ለሚጠብቅ ሰው ይታይ። የወደቡ ብረትም እንደ ውዳቂ ለቁራሌው እየተሸጠ እንዳያልቅ ልጆቻችንን እንምከር። ያ ብረት የሕዝብ አማና ነው።

ሦስተኛ፣ ጎረቤትን እንጠብቅ። የየመኑ መንደር 400 ምድጃ ይዞ የጠፋው ሰው ከሰው ሲጣላ ነው። ጋምቤላም በዘመናችን የጠብን መራራነት ቀምሳለች። ከአኙዋው፣ ከኑዌሩ፣ ከመዠንገሩ፣ ከኦፖው፣ ከኮሞውና ከደጋ ከመጣው ወገን ጋር የምንኖር ሙስሊሞች ሚዛናችንም ምላሳችንም የታመነ ሊሆን ይገባል። እንግዳ ሊያየው የሚመጣው ወደብ ያለ ሰላም ማንም አይደርስበትም።

በመጨረሻም፣ የጋምቤላ ወደብ ዕድሜው በውሉ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ነጋዴው ግን መርከቡ ዘላለም የሚመጣ መስሎት ይሆናል። የእኛም ዕድሜ በጌታችን ዘንድ የተጻፈ ነው። በዚህች ዓለም ተከራዮች እንጂ ባለቤቶች አይደለንም። ቀኑ ሲደርስ የምናስረክበው መሬት፣ የምንመልሰው አማና፣ የምንጠየቅበት ሚዛን አለ። አላህ (ሱ.ወ.) አማናቸውን ከሚጠብቁት፣ ካለፉት ታሪክ ከሚማሩት ያድርገን። አገራችንን፣ ጋምቤላንና ጎረቤት ሕዝቦችን ሰላም ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።